ራሱን እያጠፋ ስለሚያበራ ስልክ



ባለፈው ጥር ወር በሰፈራችን በደረሰው ኀዘን ድንኳኑ ዘግይቶ መተከሉንና ወንበሩም ለቀስተኛው ቆሞ ከቆየ በኋላ መድረሱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዚህም ምክንያት በየደጁ ብዙ ሲወራ ሰንብቷል። «ጸሐፊው ስልኩን ዘግቶ ተኛ» ተብሏል። እኔ ስልክ አልዘጋሁም። ስልኩ ሌሊት ራሱን አጥፍቶ፣ መልሶ ራሱን አስነሥቶ፣ የሲም ካርዱን የሚስጥር ቁጥር እየጠየቀ እስኪነጋ ድረስ ትራሴ አጠገብ ተቀምጦ አድሯል። ቁጥሩ ካልተመታለት ደግሞ መስመር አይገባም። ቤተሰቡ ሲደውል ሲደውል ቢቸግረው በዚያ ብርድ በእግሩ ሄዶ የዳኛችንን በር አንኳኳ።

ለሟች ቤተሰብ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ እነርሱም እግዜር ይስጣቸው ተቀብለውኛል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የአንድ ሰው ጥፋት ብቻ ተብሎ ከታለፈ ነገ በሌላው ላይ መድረሱ ስለማይቀር፣ የዚህ ወር ርዕሰ አንቀጽ ራሱን እያጠፋ ስለሚያበራው፣ ልጆቻችን «ሪስታርት ያደርጋል» ስለሚሉት ስልክ እንዲሆን ኮሚቴው ተስማምቷል። ጻፍ የተባልኩትም እኔው ነኝ።

እኔ ልጅ ሳለሁ ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፊው በሌሊት ተነሥቶ ከላይ ሰፈር እስከ ታች መንገዱ ድረስ ይለፍፍ ነበር። ጡሩንባ ባትሪ አይጨርስም። ነገር ግን ወደዚያ እንመለስ ለማለት አይደለም። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ርቀው ስለሚኖሩ ጡሩንባ አይደርስላቸውም። መዋጮውም ቢሆን ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እየዋለ እያደረ በስልክ መግባት ጀምሯል። እኔም የሚገባውን ሁሉ በስልኩ ላይ እመዘግብ ነበር። መዝገቡን ትቼ ማለቴ ነው። ይህ ነው ሁለተኛው ጥፋት፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በኅዳር ነው። ጠዋት ጠዋት ስደውል ድርግም ይላል፤ ወዲያው የድርጅቱን ምልክት አሳይቶ ይነሣል። እኔ «ቫይረስ ነው» ብዬ አለፍኩት። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው፤ ያልገባንን የስልክ በሽታ ሁሉ ቫይረስ እንለዋለን። ከኀዘኑ በኋላ ግን በእፍረት ተቃጥዬ በማግስቱ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሰውየው አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ «ሶፍትዌር ነው፣ ፎርማት ይፈልጋል» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። 600 ብር ከፈልኩ። ስልኩ እንደ አዲስ ባዶ ሆኖ ተመለሰ፤ ከመስከረም እስከ ጥር የመዘገብኩት የአባሎች መዋጮ አብሮ ጠፋ። በሳምንቱ ስልኩ እንደ ልማዱ ጠፍቶ በራ።

መፍትሔው የተገኘው በመርካቶ ስልክ ጥገና ከሚሠራ የሰፈራችን ልጅ ነው። ልጁ ስልኩን በእጁ ሳይነካ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ጋሼ፣ መቼ መቼ ነው የሚያጠፋው?» ብሎ ነው። «ዝም ብሎ ነው እንጂ ሰዓት የለውም» አልኩት። «ሰዓት አለው፤ አምስት ቀን ይጻፉልኝ» አለኝ። ጻፍኩ። ማክሰኞ ከጠዋቱ 12፡40፣ ባትሪው 38 ከመቶ፣ ስደውል። ረቡዕ ጠዋት 1፡10፣ 41 ከመቶ፣ ፎቶ ሳነሣ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ደህና፤ ቻርጀር ላይ ነበር። ዓርብ ጠዋት ውጭ ቆሜ ስደውል፣ 35 ከመቶ፤ ሲነሣ ደግሞ 9 ከመቶ አሳየኝ። ልጁ ወረቀቱን አይቶ «ባትሪው ነው» አለ። ስልኩን ገና አልከፈተውም ነበር። ባትሪ ተቀየረ፣ 1400 ብር ወጣ፤ ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ አንድ ጊዜም ጠፍቶ አያውቅም።

ስለዚህ ለአባሎች የምናሳስበው ነገር ይህ ነው። ስልካችሁ ራሱን ማጥፋት ሲጀምር ወደ ጥገና ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የባትሪውን መጠንና ምን እያደረጋችሁ እንደነበር በወረቀት ላይ ጻፉ። ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ «መቼ ጀመረህ?» እንባላለን፤ ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚሰጥ ሐኪም አንወድም። የስልክ ጠጋኝን ግን ሳይጠይቅ ሲያጠፋብን ዝም እንላለን።

አሁን ባትሪ እንዴት 38 ከመቶ እያለው ስልክ ይጠፋል ለምትሉ፣ ልጁ እንዳስረዳኝ አስረዳለሁ። ግቢያችሁ ውስጥ ያለውን ሮቶ አስቡ። ውኃው ግማሽ ድረስ አለ። ቧንቧው ግን በዝገት ጠቧል። አንዱን ቧንቧ ቀስ አድርጋችሁ ስትከፍቱ ይወርዳል፤ ሁለት ሦስቱን ባንድ ጊዜ ስትከፍቱ ግን ግፊቱ ይሞታል። ያረጀ ባትሪም እንዲሁ ነው። በውስጡ ኃይል አለ፤ ነገር ግን ባንድ ጊዜ ብዙ አውጣ ሲባል መስጠት ያቅተዋል። ስልክ ሲደወል፣ ካሜራ ሲከፈት፣ ኔትወርክ ሲደክምና ስልኩ ጮኾ ሲፈልግ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። በዚያች ቅጽበት የባትሪው ቮልት ወደ ታች ይወርድና ስልኩ ራሱን ለማዳን ያጠፋል። ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ ባትሪ ሲቀዘቅዝ ኃይል መስጠቱ ይዳከማልና። እኛ እንጦጦ ሥር ያለን ሰዎች የኅዳርንና የታኅሣሥን ጠዋት እናውቀዋለን። ከሰዓት በኋላ ደህና የሆነ ስልክ ጠዋት የሚያጠፋው ለዚህ ነው። ቻርጀር ላይ ሲሰካ ደህና ሆኖ ሲነቀል የሚያጠፋ፣ ወይም 40 አሳይቶ ሲነሣ 10 የሚያሳይ ስልክ ካላችሁ ጣታችሁን መጀመሪያ ወደ ባትሪው ቀስሩ። ባትሪ አላቂ ዕቃ ነው። አምስት መቶ ጊዜ ያህል ሞልቶ ካለቀ፣ ማለት በየቀኑ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው ከዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት በኋላ፣ የብዙዎቹ አቅም መቀነሱ ይታወቃል።

ይህ በርካሽ ስልክ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። አፕል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚሠራው አይፎን ባትሪው ሲያረጅ ድንገት ይጠፋ ነበር። ድርጅቱ ይህን ለማስቀረት ለባለቤቶቹ በግልጽ ሳይናገር የስልኮቹን ፍጥነት ቀነሰው። ነገሩ ሲታወቅበት በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ይቅርታ ጠየቀ፤ የባትሪ መቀየሪያውንም ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ። በኋላም በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተከስሶ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ብዙ ሰው ስልኩ ያረጀ መስሎት አዲስ ገዝቶ ነበር፤ የሚያስፈልገው ግን ባትሪ ብቻ ነበር። አይፎን ያላችሁ በሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለውን ገብታችሁ የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ ማየት ትችላላችሁ። ከ80 በታች ከሆነ የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል።

በዚሁ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ። የስልካችሁ ጀርባ ካበጠ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ብድግ ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቻርጅ ማድረግ ክልክል ነው። መጫን፣ በመርፌ መብሳት፣ «አየሩን ላስተንፍሰው» ማለት አደጋ ነው፤ ይነዳል። ሳምሰንግ በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ያወጣው ኖት ሰባት የተባለ ስልክ በባትሪው ምክንያት እየተቃጠለ ስላስቸገረ በጥቂት ወራት ውስጥ ከገበያ ሙሉ በሙሉ ተሰብስቧል። በዚያ ጊዜ አውሮፕላን ላይ ይዞ መግባት እንኳ ተከልክሎ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ ስልኩ ያበጠበት ሰው ትራስ ሥር አድርጎ፣ ልጅ አጠገብ አስተኝቶ፣ በአንድ ዲቫይደር ላይ ከምጣዱ ጋር ሰክቶት ያድራል። ይህ መቅረት አለበት።

ባትሪ ስትቀይሩም ዓይናችሁን ክፈቱ። ሳይሠራበት መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ባትሪም ያረጃል፤ አዲስ ማሸጊያ ስላለው ብቻ አዲስ አይደለም። ቢያንስ የጥቂት ሳምንት ዋስትና የማይሰጥ ሰው ጋ አታስቀይሩ። አሮጌውንም ባትሪ እሳት ውስጥ ወይም የቤት ቆሻሻ ላይ አትጣሉት፤ ለጠጋኙ ይመለስ።

ሆኖም ሁሉም ነገር ባትሪ አይደለም። አንዲት እንጀራ እየጋገሩ የሚያከፋፍሉ እናታችን ስልካቸው በቀን አሥር ጊዜ እየጠፋ ይበራባቸው ነበር። ምክንያቱ ሊጥ ነው። ሊጡ በማብሪያው ቁልፍ ዳር ገብቶ ደርቆ ቁልፉን ተጭኖ ይዞታል። በብዙ ስልኮች ላይ ይህ ቁልፍ ለጥቂት ሰኮንድ ተጭኖ ሲቆይ ስልኩን በግድ አጥፍቶ ያስነሣዋል፤ የተሠራውም እንደዚያ እንዲያደርግ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጫፍ ተጠራርጎ ዳነ፤ እናታችንም «ለዚህ ነው ወይ አዲስ ግዛ ስለው የከረምኩት» ብለው ሳቁ። ጠባብ ከቨርም ቁልፉን ሊጫነው ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከቨሩን አውልቃችሁ አንድ ቀን አውላችሁ እዩት። ይህ ምንም አያስከፍልም።

ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ላይ የሚያጠፋ ስልክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሽተኛ አይደለም፤ ታዞ ነው። በአንዳንድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ በተወሰነ ሰዓት ጠፍተህ ብራ የሚል ትእዛዝ አለ፤ ልጅ ነካክቶት ሊሆን ይችላል። አዲስ ሶፍትዌር በሌሊት ሲጭንም እንዲሁ ያደርጋል። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አይፎኖች ሳይከፈቱ ሦስት ቀን ከቆዩ ለሌባ እንዳይመቹ ራሳቸውን አጥፍተው ይነሣሉ፤ በአንድሮይድ ስልኮችም ይህ አሠራር መጥቷል። ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁት ስልክ ጠፍቶ ተነሥቶ ቢጠብቃችሁ አትደንግጡ።

ቻርጅ ሲደረግ ብቻ የሚያጠፋ ከሆነ ሌላ ቻርጀርና ሌላ ገመድ ተውሳችሁ ሞክሩ። ፀሐይ ላይ፣ ታክሲ መስተዋት ሥር፣ ምጣድ አጠገብ ሲሆን ብቻ ከሆነ ግለቱ ነው፤ ጥላ ውስጥ አሳርፉት እንጂ ማቀዝቀዣ ውስጥ አትክተቱት። ውኃ የገባበት ከሆነ ደግሞ አጥፍታችሁ፣ ቻርጅ ሳታደርጉ፣ ቶሎ ለሚከፍት ሰው ስጡ፤ እዚህ ላይ መጠበቅ አይጠቅምም።

ከአፕ የሚመጣም አለ። አዲስ አፕ ከጫናችሁ በኋላ፣ በተለይም ከሰው በቴሌግራም ተልኮላችሁ የጫናችሁት ከሆነ፣ ችግሩ የጀመረበትን ቀን አመሳክሩ። በአብዛኛዎቹ አንድሮይድ ስልኮች የማብሪያውን ቁልፍ ስትጫኑ ማጥፊያው ምልክት ስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ ያንን ምልክት በጣታችሁ ተጭናችሁ ብታቆዩት ሴፍ ሞድ ልግባ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሺ ስትሉት ስልኩ የጫናችሁትን አፕ ሁሉ አስተኝቶ ከፋብሪካ የመጣውን ብቻ ይዞ ይነሣል። እንደዚያ ሆኖ አንድ ቀን ደህና ከዋለ ጥፋቱ ከጫናችሁት አፕ ነው፤ በቅርብ ከገባው ጀምራችሁ አንድ በአንድ አውጡ። እዚያም ሆኖ የሚያጠፋ ከሆነ ጥፋቱ ከጫናችሁት አፕ አይደለም። አጥፍታችሁ ስታበሩት ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ምንም አይጠፋም። በቪዲዮ ጢም ብሎ የሞላ ስልክም ይንገዳገዳል፤ የሠርግ ቪዲዮ ሁሉ ለዘላለም አይቀመጥም።

አንዳንዱ ግን ጉድ ነው። በ2012 ዓ.ም. በግንቦት ማለቂያ ላይ አንድ የሐይቅና የተራራ ፎቶግራፍ በዓለም ላይ ሲዞር፣ ሰዎች ለውበቱ ብለው የስልካቸው መደብ ላይ ሲያደርጉት ስልካቸው እየጠፋ እየበራ አልቆም አለ። ፎቶው ምንም ተንኮል የለበትም፤ በቀለሙ አመዘጋገብ ምክንያት የአንዳንድ ሳምሰንግና ፒክስል ስልኮች ሶፍትዌር ስሌቱ ተሳስቶበት ነው። በኋላ ተስተካክሏል። አንድ ሥዕል ስልክ ከጣለ እንግዲህ ጠጋኙ ሁሉ ባይገባው አልፈርድበትም። የምፈርድበት ሳይጠይቅ ሲያጠፋ ነው።

ከፋብሪካው የሚመጣ ጉድለትም አለ። ኤልጂ የተባለው የኮሪያ ድርጅት በጥር 2008 ዓ.ም. ጂ ፎር በተባለው ስልኩ ውስጥ የዕቃዎቹ መገናኛ እየላላ ስልኩ ምልክቱን እያሳየ ብቻ እየጠፋ እንደሚነሣ አምኖ ሊጠግን ተስማምቷል። ስልካችሁ ባትሪ ተቀይሮለት፣ ሴፍ ሞድ ተሞክሮለት፣ ቁልፉ ተጠርጎ፣ አሁንም ምልክቱ ላይ ቆሞ ከተሽከረከረ ወደ ቦርዱ ነው የሚኬደው። ያኔ የጥገናውን ዋጋ ከአዲስ ስልክ ዋጋ ጋር አስተያዩ። ደረሰኝና ዋስትና ያላችሁ ግን መጀመሪያ ወደ ገዛችሁበት ሂዱ፤ ሌላ ሰው ከከፈተው ዋስትናው ሊሻር ይችላል።

እንግዲህ ለጥገና መስጠት ግድ ሲሆን ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት ፎቶውንና ስም ዝርዝሩን ወደ ሌላ ቦታ ቅዱ፤ ስልኩ በመሐል በመሐል የሚበራ ከሆነ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ቅዱ፣ ይረጋላችኋል። ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን አውጡ። የቴሌብራችሁን የሚስጥር ቁጥር ለማንም አትስጡ፤ ባትሪ ለመቀየር አያስፈልግም። ብዙዎቻችሁ «ስልኬ ከተበላሸ ገንዘቤስ?» ትላላችሁ። የቴሌብር ገንዘብ ስልኩ ውስጥ አይደለም ያለው፤ ሲም ካርዱን በተራ ባለ ቁልፍ ቀፎ ላይ አድርጋችሁ *127# ብትደውሉ ታገኙታላችሁ። ስልኩ ውስጥ ያለው ሌላ ነገር፣ ፎቶው፣ የጻፋችሁት ማስታወሻ፣ የመጣላችሁ መልእክት ነው፤ እርሱ ነው ፎርማት ሲደረግ የሚሄደው። ሌላም አለ፤ ብዙ አንድሮይድ ስልክ በግድ ፎርማት ከተደረገ በኋላ መጀመሪያ የተከፈተበትን የጉግል አካውንት ይጠይቃል። አካውንቱን ልጁ ከፍቶለት የይለፍ ቃሉን የማያውቅ አባት ስልኩ ተቆልፎበት ይቀራል። ዛሬውኑ ልጆቻችሁን ጠይቃችሁ በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡ።

አንዳንድ አባሎች «የሲሙን ቁልፍ ቁጥር አንሣውና ስልኩ ቢጠፋም ተነሥቶ ይጮኻል» ብለው መክረውኛል። አሳቡ በቅንነት ነው፤ ነገር ግን አልተቀበልኩትም። የማኅበሩ ቁጥር የተመዘገበበት ሲም በሌባ እጅ ቢወድቅ ያለ ቁልፍ በሌላ ቀፎ ላይ ይሠራል፤ ይህ ከመጀመሪያው ይብሳል። ይልቅስ ኮሚቴው የወሰነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አንድ ተራ ባለ ቁልፍ ቀፎ ከራሱ ሲም ጋር ተገዝቶ በዳኛችን ቤት እንዲቀመጥና ቁጥሩ በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ። እንዲህ ያለው ቀፎ ቻርጁ ብዙ ቀን ይቆያል። ሁለተኛ፣ የመዋጮው መዝገብ እንደ ድሮው በደብተር እንዲጻፍና ስልኩ ረዳት ብቻ እንዲሆን።

በሁለተኛው ላይ ተቃውሞ መነሣቱን አውቃለሁ። ወጣቶቹ «በዚህ ዘመን ደብተር!» ብለው ስቀዋል። ልክ ናቸው፤ ስልክ ሒሳብ ይደምራል፣ ደብተር አይደምርም። የኔ ደብተር ግን እስከ ባለፈው ዓመት ጳጉሜን ድረስ ያለውን ሁሉ ይዞ እነሆ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው የሌለው። ወጣቶቹ በስልካቸው መዝግበው ወደ ሌላ ቦታም የሚቀዳበትን መንገድ ካዘጋጁልን ኮሚቴው ሁለቱንም ጎን ለጎን ለማስኬድ ፈቃደኛ ነው። ሁለት ልጆች ፈቃደኛ ሆነው ከተገኙ በሚቀጥለው ስብሰባ ይመረጣሉ።

የጠፋውን መዝገብ እንደገና ማቆም ስላለብን፣ ከመስከረም እስከ ጥር መዋጮ የከፈላችሁ አባሎች የቴሌብር መልእክታችሁን ወይም ደረሰኛችሁን ይዛችሁ እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንድትቀርቡ ይሁን። መልእክቱን ያጠፋችሁ ከቴሌብሩ አፕ ውስጥ ያለፈውን ክፍያ ዝርዝር ማውጣት ስለሚቻል ልጆች ይረዷችኋል። በጥሬ ገንዘብ በእጄ የሰጣችሁኝ ቀኑንና ቦታውን አስታውሳችሁ ንገሩኝ፤ ዳኛውና ገንዘብ ያዡ ባሉበት ይጻፋል። ስልካችሁ የሚያጠፋባችሁም የጻፋችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ ያ የሰፈራችን ልጅ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ድረስ በነጻ ለማየት ቃል ገብቶልናል። ወረቀት ያልያዘውን አላይም ብሏል።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ሸጎሌ